ያልተነበቡት ቃላት

መስከረም 14

ይድረስ ለጋሼ መሮ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ዛሬም ያለ ከዘራ ነው የሚወጡት ወይስ ኩራትዎን ትንሽ ቀነስ አደረጉ? ለደብዳቤዎ መልስ ሳልጽፍ ሁለት ወር መቆየቴን አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋናው ቢሮ ከገባሽ ወዲህ ረሳሽን ወይ ብለው ለጠየቁኝ ግን መልሴ አጭር ነው፤ አልረሳኋችሁም። እዚህ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጬ የምሠራው በየከተማው የተለኩ አረጋውያንን ቁጥር ማጥራት ነው። የእናንተ ሕንፃ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ሥራዬን ትቼ የእርስዎን ጥርብ እንጨት፣ የባለቤትዎን ወንበር፣ የእትዬ ሃሎን ጨዋታ ሳስብ እቀመጣለሁ። አለቃዬ ሁለቴ ይዘውኛል።

ሃያ ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ እጃችሁን አስጨብጬ፣ በኮሪደሩ አስኬጄ፣ እጃችሁን ደረት ላይ አሳጥፌ ከወንበር አስነስቼ ለክቻችኋለሁ። ስሜን "ጨብጡ" ያላችሁትም አፌ ከዚያች ቃል ስለማይለይ ነበር። ሌላ ሰው በዚህ ስም ቢጠራኝ ዞር ብዬ አላይም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በእኔ ቦታ የተላከው ወጣት ነርስ የዘንድሮውን ልክ አስገብቷል። አስር ቃላት ተነብበውላችሁ፣ ጥቂት ከተቆየ በኋላ የምታስታውሱትን የምትናገሩበትን ፈተና ያውቁታል። በእናንተ ሕንፃ ያሉት ስምንቱም ሰዎች፣ እርስዎም ጭምር፣ ነርሱ ያላነበበላቸውን ቃላት ተናግረዋል። እኔ ለሁላችሁም አንድ ዝርዝር ነበር የማነብላችሁ፤ እሱ ግን በዘንድሮው አዲስ ደንብ ለእያንዳንዳችሁ የተለያየ ዝርዝር ነው ያነበበው። እናንተ ግን አንድ ዓይነት ቃላት፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መለሳችሁለት። ደመና፣ መርፌ፣ ድልድይ እያለ የሚሄደው ይህ ዝርዝር ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት በአንዱም ውስጥ የለም።

የጥናቱ ኮሚቴ ነገሩን የተመለከተው በክፉ ዓይን ነው። ወይ ነርሱ ቀጥፏል ወይ ሰዎቹ ተመካክረዋል ይላል። ተመካክራችሁ ከሆነ ሕንፃው ከጥናቱ ይሰረዛል። ጋሼ፣ እባክዎ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ስልክ ብደውል ይሻላል?

ልጅዎ ጨብጡ

መስከረም 25

ለልጄ ለጨብጡ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ቀኙ ያማል፣ ግራው ለቀኙ ያዝንለታል። ከዘራው በር ኋላ ቆሟል፣ እዚያው ይቁም።

ሁለት ወር አስጠብቀሽ ይዘሽው የመጣሽው ወሬ ደስ አይልም። ስልክ አትደውዪ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኝ የኖረች ጎረቤት ያለው ሰው በስልክ ቁም ነገር አያወራም። እትዬ ሃሎ አምስተኛ ፎቅ ሆና ሁለተኛ ፎቅ የሚያስለውን ሰው ታውቃለች። አሁን እንኳ ጆሮዋ ትንሽ ደከም ብሏል፤ ቢሆንም ጠንቀቅ ማለት አይከፋም።

ስለ ልጁ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልቀጠፈም። ጨዋ ልጅ ነው። እጁ ይቀዘቅዛል እንጂ አንቱታው የተሟላ ነው። በእሱ ላይ ምንም እንዳይጽፉ ንገሪልኝ። እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ተምታታብን በያቸው። ሽማግሌ ሲምታታበት አዲስ ነገር ነው? ይህን ለማወቅ አይደል እንዴ ሃያ ዓመት የለካችሁን?

እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። ይሰረዛል ያልሽው ከዛሬ ወዲህ ነው ወይስ ከጥንት ጀምሮ? የሞቱትም ይሰረዛሉ? ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት ያንን መለኪያ ስትጨብጥ ከእኔ እንደበለጠች ታስታውሻለሽ። እኔ፣ መጋዝና መዶሻ ይዤ ያረጀሁት ሰውዬ፣ በልብስ አጣቢ ተበለጥኩ። እስክትሞት ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አወራችብኝ። ያቺ ቁጥር ከእናንተ ዘንድ ከጠፋች ሴትዮዋ ጠንካራ እንደነበረች የሚያውቅ እኔ ብቻ ልቀር ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሳልሆን አልቀርም፣ ተራዬ ይደርሳል። ስለዚህ ይህን ሳታለባብሺ መልሺልኝ።

መሮ

ጥቅምት 9

ለጋሼ መሮ፣

ሳላለባብስ እመልሳለሁ። ሕንፃው ከተሰረዘ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ባለቤትዎም አብረው ይወጣሉ። ልብስ ሰፊዋም፣ የአንደኛ ፎቁ ሾፌርም፣ በጥናቱ ዘመን የሞቱት ሁሉ ይወጣሉ። ይህን የምጽፍልዎ እያዘንኩ ነው፤ ግን እንድዋሽዎ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ።

ነገሩ ይበልጥ ያንገበገበኝ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት የሁሉንም ሕንፃዎች ቁጥር አንድ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ሰው ሲያረጅ የእጁ ኃይል ይቀንሳል፣ እርምጃው ይዘገያል፣ ከወንበር መነሳት ይከብደዋል። በስክሪኑ ላይ ይህ ሁሉ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ሆኖ ይታያል። የሁሉም መስመር ይወርዳል። የእናንተም ይወርዳል፤ ግን ቀስ ብሎ፣ የማይፈልገው ቦታ ሂድ እንደተባለ ልጅ እየተጎተተ። ከእናንተ በሀብት የሚበልጡ፣ ሐኪም በራቸው ላይ ያላቸው፣ ሊፍት ያላቸው ሕንፃዎች አሉ። አንዳቸውም አይደርሱባችሁም። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አሰላሁት፣ ያው ነው። አንድ ሕንፃ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ይህንን ሙያዬ አስተምሮኛል። ግን ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም። ያ ሁሉ ኮሪደር ላይ የታሸ ጫማ፣ ያ ሁሉ መጨበጥ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ለብቻው ሲሆን ምንም የማይመስለው ነገር አንድ ላይ ሲቆም እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እና ውሃ ሊበላው የደረሰው ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጥናቱን የጀመሩት ፕሮፌሰር፣ ዛሬ የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት፣ የፈተናውን ድምፅ ልስማ ብለው መጡ። ሲቀዳ እንደነበር ያውቃሉ። የእርስዎን ድምፅ ከፈትኩላቸው። ደመና፣ መርፌ፣ ድልድይ ሲሉ ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እነዚህን ቃላት የመረጥኳቸው እኔ ነኝ" አሉ። የመጀመሪያው ዓመት ዝርዝር ነው፣ ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነበበውም። አስሩም ቃል በቦታው ነው፤ አንድ አልጎደለም።

ስምንት ሰው ይህን ሃያ ዓመት ሊያስታውስ አይችልም። አንድ ሰው ያስታውስ ይሆናል። ማን ነው?

ጨብጡ

ጥቅምት 20

ለጨብጡ፣

ስለ መስመሩ የጻፍሽውን ለሁሉም አነበብኩላቸው። እየተጎተተ የሚሄደው ልጅ ማን እንደሆነ ለማወቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የሦስተኛ ፎቋ አዋላጅ መሮ ነው ብላ ፈረደች። ስለ ሞቱት የጻፍሽውን ግን ዘልዬ አለፍኩት። ለእኔ ብቻ ይበቃል።

እሺ፣ እናገራለሁ። እትዬ ሃሎ ናት።

አምስተኛ ፎቅ የነበረውን የሒሳብ ሠራተኛ ታስታውሺዋለሽ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ልክ ቃላቱ ጠፉበት። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ መጥተው ዕቃውን ጭነው፣ እሱንም ጭነው ሄዱ። ስንብት እንኳ በደንብ አልተሰናበትንም። እኛም ነገሩን ከፈተናው ጋር አያያዝነው። ቃል የጠፋበት ሰው ስሙ ለልጆቹ ይላካል ብለን አመንን። ያኔ ልብስ ሰፊዋ መርሳት ጀምራ ነበር። ማታ ማታ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር፤ ከዚህ ቤት ካወጡኝ እሞታለሁ እያለች።

እትዬ ሃሎ ያን ጊዜ የሺህ ሰው ስልክ ቁጥር በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች። በሚቀጥለው ልክ "ከእኔ ይጀመር" አለችሽ። አንቺም እሺ አልሽ። አስሩን ቃል ሰማች፣ አንቺ መለኪያሽን ስትሰበስቢ እሷ ቀድማ ወረደችና ልብስ ሰፊዋን አስጠናቻት። ያ ተለመደ። ለእኔም፣ ለሾፌሩም፣ ለሁሉም ማድረስ ጀመረች። ቆይታ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል ብላ በየሳምንቱ ቤቷ ትሰበስበን ያዘች። አምስተኛ ፎቅ! በእግር! ብንቀር በየበራችን መጥታ ትጠራናለች። ቃል እንደግማለን፣ እንሳሳቃለን፣ እንወርዳለን። ልብስ ሰፊዋ በገዛ አልጋዋ ነው የሞተችው።

ስለዚህ ተመካክራችኋል ላለው ኮሚቴሽ መልሱ አዎ ነው። የእኔን ስም ሰርዙ። ከፈለጋችሁ የሁላችንንም፣ በሕይወት ያለነውን፣ ሰርዙ። እንኳን ከወረቀት ከዓለምም ልንወጣ ነው። ሟቾቹን ግን ተዉልን። ባለቤቴ መለኪያውን ስትጨብጥ ማንም አላስጠናትም።

መሮ

ኅዳር 4

ለጋሼ መሮ፣

ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። ሃያ ዓመት አፍንጫዬ ሥር ሆናችሁ ይህን ስታደርጉ እኔ ምን ዓይነት ዕውር ብሆን ነው? እትዬ ሃሎ "ከእኔ ይጀመር" ሲሉ ከእንግዳ አክባሪነታቸው ይመስለኝ ነበር።

ለጥያቄዎ መልሱ ገና ነው። ሟቾችን ብቻ ትቶ በሕይወት ያሉትን መሰረዝ አይቻልም፤ ሕንፃው እንዳለ ይቆያል ወይ እንዳለ ይወጣል። ኮሚቴው በጥር ይወስናል።

ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ልለካችሁ ስመጣ እትዬ ሃሎ ታመው ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ያስጠናችሁ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የተቀዳውን ሰማሁት። እርስዎ ከአስሩ አብዛኛውን በትክክል ተናግረዋል። አዋላጇም፣ የቀሩትም እንደዚሁ። እናንተ እኮ አስጠኚ አያስፈልጋችሁም።

የዘንድሮውንም በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ነርሱ አንብቦ ጨረሰ። እርስዎ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነው፤ ተምታቶበት የሚንተባተብ ሰው ዝምታ አይደለም። ከዚያ የወንበር ድምፅ ይሰማል፣ የእርስዎ ያልሆነ ትንፋሽም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ደመና ብለው የጀመሩት። ጋሼ፣ ትክክለኞቹን ቃላት ያውቋቸው ነበር አይደል? ክፍሉ ውስጥ አብሮ የነበረውስ ማን ነው?

ጨብጡ

ኅዳር 16

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሳልጽፈው ብቀር በወደድኩ። ሦስት ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ግን አንቺ የጠየቅሽውን ሳታገኚ የምትተዪ ሰው አይደለሽም፤ የእጃችንን ኃይል ሦስት ሦስት ጊዜ ካልለካሽ አትለቂንም ነበር።

አዎ፣ አውቃቸው ነበር። ዛሬም ልነግርሽ እችላለሁ፤ ልጁ ያነበበልኝ መሰላል፣ ጨው፣ ጥላ፣ ደወል እያለ የሚሄደውን ነው። አልጠፋብኝም።

እትዬ ሃሎ መርሳት ከጀመረች ቆይታለች። መጀመሪያ የምታደርሰን ቃል ስምንት ሆነ፣ ቀጥሎ አምስት ሆነ። እኛ ዝም አልን። የጎደለውን ልክ እሷ እንዳደረሰችን እያስመሰልን ራሳችን ሞላነው። ባለፈው ልክ አንቺው ስትመጪ ሁለት ቃል ብቻ ነበር በጆሮዬ የነገረችኝ። ሳትጠረጥሪ ሄድሽ። ዘንድሮ ልጁ ሲመጣ "እንግዳ ነህ፣ ላስተዋውቅህ" ብላ በየቤቱ አብራው ዞረች። በእኔ በር ላይ ሆና ቀድማ ሹክ አለችኝ፤ ደመና፣ መርፌ፣ ድልድይ፣ አስሩንም፣ ፍጥን አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ። ደስ አለኝ። ተመልሳለች ብዬ ነበር። ልጁ ማንበብ ሲጀምር ግን ሌላ ቃል ሆነ።

እትዬ ሃሎ በባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ መሰላል ብል ምን እንደምትሆን አሰብኩ። ፊቷ ላይ የሚሆነውን አሰብኩት። ይህቺ ሴት ልብስ ሰፊዋን አልጋዋ ላይ አኑራ የቀበረች ናት። እኔንም ባለቤቴ የሞተች ሰሞን በሬን እየደበደበች ደረጃ ያስወጣችኝ እሷ ናት። ስለዚህ የእሷን ቃላት አልኩ። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይ!

አሁን የምነግርሽን ልብ አድርጊልኝ። አልተመካከርንም። ለማንም ምንም አላልኩም። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ አዋላጇን አገኘኋትና ዓይኗን ሳይ ገባኝ። "አንተም?" አለችኝ። "እኔም" አልኳት። ሰባታችንም፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን፣ በየቤታችን፣ ያንኑ አድርገናል። ቆመን ተያየን። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም፤ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ሲያለቅስ ደስ አይልም።

ልጇ እናቴ መርሳት ከጀመረች እወስዳታለሁ ብሎናል። ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ይወስዳታል። እንግዲህ እወቂው። ይህን ለኮሚቴው ካልሽ ሕንፃው ይተርፍ ይሆናል፣ እሷ ትሄዳለች። ካላልሽ እሷ ትቀራለች፣ ባለቤቴ ትወጣለች። እኔ መምረጥ አቅቶኛል። አንቺ ምረጪ አልልሽም፤ እሱም ግፍ ነው።

መሮ

ታኅሣሥ 3

ለጋሼ መሮ፣

ደብዳቤዎን ለማንም አላሳየሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ከልቤ ላይ ላውርደው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ልጆች ከእኛ ምንም አልሰሙም። ከዚህ ጥናት የማንም ውጤት ለማንም ቤተሰብ ሄዶ አያውቅም፣ አይሄድምም። አባታቸውን የወሰዱት እሳቸው ምድጃ ለኩሰው ረስተው ስለወጡ ነበር፣ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውኛል። እናንተ በስጋት የኖራችሁት በከንቱ ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ ሳላስረዳችሁ በመቅረቴ አዝናለሁ። እሱን ብታውቁ ኖሮ ግን አምስተኛ ፎቅ ትወጡ ነበር? እኔንጃ።

ለፕሮፌሰሩ የሆነውን ነገርኳቸው። ማን እንደሆነች ስም አልጠራሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሐሰተኛ ቁጥር ይቆይ ብዬ መለመን አልችልም ነበር፣ ጋሼ፤ ያን ካደረግሁ የባለቤትዎም ቁጥር ዋጋ አይኖረውም። የደረጃውን ነገር ስነግራቸው የእናንተን ድምፅ እንደገና ክፈቺልኝ አሉ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ በዚህ ሙያ ያላዩት የለም። ከዚያ "ሰባት ሰው ሳይመካከር አንድ ነገር ካደረገ፣ እኛ እስከ ዛሬ ስንለካ የኖርነው ምኑን ነው?" አሉ።

መፍትሔ ያሉት ይህን ነው። እትዬ ሃሎ ያስጠኑባቸው ዓመታት የቃላት ውጤት ሁሉ ይወጣል። መጨበጡ፣ እርምጃው፣ ከወንበር መነሳቱ ግን ሊጠና አይችልምና ሊቆይ ይችላል፤ ሟቾቹም በዚያ ይቆያሉ። ለዚህ ስምንታችሁም እንደገና መፈተን አለባችሁ፣ አንድ በአንድ፣ በር ተዘግቶ፣ ማንም አብሮ ሳይቀመጥ። ስምንታችሁም ነው ያልኩት። ማንንም ማስገደድ አይቻልም። አንድ ሰው እምቢ ካለ ግን ኮሚቴው እሺ አይልም።

እትዬ ሃሎን የሚያነጋግራቸው እርስዎ ነዎት። ውጤታቸው እኔና ፕሮፌሰሩ ዘንድ ይቀራል፤ ለልጃቸው አይደርስም። በዚህ እምላለሁ።

ጨብጡ

ጥር 2

ለጨብጡ፣

ተፈተንን። በአጭሩ ልንገርሽ፣ ዓይኔ ደክሟል።

ለእትዬ ሃሎ እንዴት እንደምነግራት ሳብሰለስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ወጥቼ ዘንድሮ በር ይዘጋል፣ አብሮ መዞር የለም አልኳት። ለምን አላለችኝም። ብዙ አየችኝና "እኔ ግን ከፊት ነኝ" አለች። ያንን ማን ይከለክላታል?

በዕለቱ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ወረደች። ፈተናው ምድር ቤት ያለችው ትንሿ ክፍል ውስጥ ነበር። እኛ ኮሪደሩ ላይ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተደርድረን ቆየን። ብዙ ቆየች። አዋላጇ ወንበር ይምጣልኝ አለች፤ እኔም ጉልበቴን ረስቼው ነበር፣ ያኔ ነው ያስታወስኩት። በሩ ሲከፈት እትዬ ሃሎ እየሳቀች ወጣች። የሚፈትነው ነርስ ግን ዓይኑ ቀልቷል። በአጠገቤ ስታልፍ ሹክ የምትለኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩላት። ምንም አላለችም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ደረጃዋን ወጣች።

ከዚያ ገባሁና የተነበበልኝን ተናገርኩ። ሃያ ዓመት ስፈተን እንደዚያ ጨንቆኝ አያውቅም።

ምን አለች? ልጁን ብንጠይቀው አልናገርም አለ። እሷም ትስቃለች እንጂ አትናገርም። ሌላው ጥያቄዬን ታውቂዋለሽ። ባለቤቴ ወጣች ወይስ አለች? ሰላምታውን ተዪና እሱን ከላይ ጻፊው።

መሮ

ጥር 21

ጋሼ መሮ፣

አሉ። ባለቤትዎ አሉ። ሁሉም አሉ። ሕንፃው አልተሰረዘም። ኮሚቴው ትናንት ወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት ከእርስዎ በልጠው የጨበጡበት ቁጥር ይኸው ስክሪኔ ላይ ነው። ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ይህን አሁን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ይቀበሉ። ለአዋላጇም፣ ለሁሉም ያድርሱልኝ።

እትዬ ሃሎ ያሉትን ብናገር ውጤት እንዳወጣሁ ይቆጠርብኛል ወይ ብዬ ፕሮፌሰሩን ጠየቅኋቸው። "ይህ ውጤት አይደለም፣ ንገሪያቸው" አሉ። ስንት ቃል እንዳስታወሱ ግን አልነግርዎም፣ እርስዎም እንዳይጠይቁኝ።

ከፕሮፌሰሩ ጋር ነው የሰማነው። ነርሱ ቀስ ብሎ ያነባል። ጊዜው ሲደርስ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ ይላል። እትዬ ሃሎ ይናገራሉ፣ ያቆማሉ። ነርሱ ይጠብቃል፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አላጣደፋቸውም። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ እኔ እዚህ ሆኜ እጄን ጨብጬ ነበር፣ አላወቅኩም። ፕሮፌሰሩም አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተዋል። በመጨረሻ ነርሱ "ሌላ የቀረ ይኖር ይሆን፣ እናቴ?" አላቸው።

ሳቁ። ያንን መስመር ላይ ያለን ሰው "ቆይ፣ ላገናኝህ" ሲሉ የሚስቁትን ሳቅ ሳቁ። እንዲህም አሉት፦

"አለ እንጂ፣ ልጄ። እኔ ጋ ግን አይደለም። ጎረቤቶቼ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ ውጭ ቆመዋል፣ አንድ በአንድ አስገባና ጠይቃቸው።"